ቍስሉ ሲጠፋ በሽታው አይጠፋም
ስለ ቂጥኝና ስለ ጨብጥ የተሰጠ ትምህርት

የአባለ ዘር በሽታ ስሙ በአደባባይ ሲጠራ ሰው ሁሉ ያፍራል። ዳሩ ግን ኀፍረት በሽታን ይሸሽገዋል እንጂ አያድነውም። የተሸሸገ በሽታም ከባል ወደ ሚስት፥ ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ ቤተ ሰብን ሁሉ ይጐዳል። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን በሕዝብ ዘንድ በስም የታወቁትን ሁለቱን፥ ይኸውም ቂጥኝንና ጨብጥን፥ ከነምልክታቸውና ከነሕክምናቸው እንገልጻለን።

የበሽታዎቹ መነሻ

ብዙ ሰው ጨብጥ ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ በመሽናት የሚመጣ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ሁለቱንም የሚያመጡ ባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ነፍሳት ናቸው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር የጨብጡን ባክቴሪያ አልበርት ናይሰር በ1879፥ የቂጥኙን ደግሞ ፍሪትስ ሻውዲንና ኤሪክ ሆፍማን በ1905 ዓ.ም. በማይክሮስኮፕ አይተው አስታውቀዋል። በሽታዎቹ የሚተላለፉት በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው፤ ደግሞም ቂጥኝ በእርግዝና፥ ጨብጥ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይሻገራሉ።

ቂጥኝ

ቂጥኝ በገባ በ3 ሳምንት ገደማ፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ 90 ቀን ዘግይቶ፥ በኀፍረተ ሥጋ ወይም በአፍ ላይ ጠርዙ ጠጠር ያለ ቍስል ይወጣል። ይህ ቍስል አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜም ሳይታከም ይደርቃል። ከዚያ በኋላ በገላ ላይ፥ በመዳፍና በውስጥ እግር ጭምር፥ የማያሳክክ ሽፍታ ይታያል፤ እርሱም በራሱ ጊዜ ይጠፋል። በሽታው ግን በደም ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ካልታከሙትም ሰዎች በአንዳንዶቹ ላይ ከብዙ ዓመታት በኋላ ልብን፥ አንጐልንና ነርቭን ያበላሻል።

ቀድሞ በአገራችን ቂጥኝ የያዘው ሰው ከሰው ተለይቶ ወሸባ ይገባ ነበር። ሲወጣ ቍስሉ ደርቆ ስለሚገኝ ዳነ ይባል ነበር። ነገር ግን ቍስሉ ያለ መድኃኒትም በጊዜው የሚደርቅ ስለ ሆነ፥ መድረቁ ለመዳን ምስክር ሊሆን አይችልም።

ጨብጥ

ወንድን ጨብጥ ሲይዘው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ውስጥ ሽንቱ ያቃጥለዋል፤ ብጫ መግልም ይወርደዋል። በሴት ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት አይታይም። ሳይታወቅ ወደ ማኅፀንና ወደ እንቍላል ማስተላለፊያው ቧንቧ ቢወጣ መካንነትን ያመጣል። በዚህ ምክንያት ባሏ ባመጣው በሽታ መካን ተብላ የምትነቀፍ ሴት አለች። በወሊድ ጊዜ የያዘው ሕፃንም በቶሎ ካልታከመ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል፤ ልጅ ሲወለድ በዓይኑ ቅባት የሚደረግለት ስለዚሁ ነው።

ምርመራ

ቂጥኝ በደም ምርመራ ይታወቃል። ነፍሰ ጡር ሴት ሁሉ፥ ጤነኛ ብትመስልም፥ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቀን ደሟን ልትመረመር ይገባታል፤ ያልታከመ ቂጥኝ ፅንሱን ሊገድለው ይችላልና። ጨብጥ ደግሞ በመግል ወይም በሽንት ምርመራ ይለያል። ክላሚዲያ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ከጨብጥ ጋር አብሮ ስለሚገኝ ሐኪሙ ሁለቱንም በአንድነት ያክማል።

ሕክምና

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. ያገኘው ፔኒሲሊን እስከ ዛሬ የቂጥኝ ዋና መድኃኒት ነው። አዲስ ለያዘው ሰው 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አንድ ጊዜ ይወጋል፤ ለቈየበት ሰው በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ለ3 ሳምንት ይሰጣል። በመጀመሪያው ቀን ትኩሳትና ራስ ምታት ቢመጣ ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ያልፋል፤ ትንፋሽ ቢያጥር ወይም ፊት ቢያብጥ ግን ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል።

ጨብጥም ቀድሞ በፔኒሲሊን ይድን ነበር። ዛሬ ግን ባክቴሪያው መድኃኒቱን ስለ ተላመደ ሴፍትሪያክሶን የሚባለው መርፌ ተተክቷል። መላመዱ የሚብሰው ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክኒን ገዝቶ ሲውጥ፥ የጀመረውንም ሲያቋርጥ ነው። ከጎረቤት የተረፈ ክኒን መዋስ እንግዲህ ለራስም ለአገርም ጉዳት ነው።

ማሳሰቢያ

ታማሚው ከታከመ በኋላ ጓደኛው ሳይታከም ቢቀር በሽታው ተመልሶ ይይዘዋል። ስለዚህ ሁለቱም በአንድነት ይታከሙ፤ ሐኪሙም እስኪፈቅድላቸው ድረስ፥ ቢያንስ ለ7 ቀን፥ ከግንኙነት ይከልከሉ። የኤች አይ ቪንም ምርመራ አብረው ያድርጉ። ኮንዶምን በትክክል መጠቀም አደጋውን እጅግ ይቀንሰዋል።

መምህራን ሆይ፥ ለደረሱት ተማሪዎቻችሁ ይህን ያለ ፌዝና ያለ ዘለፋ አስረዷቸው። በሽተኛውን የሚንቀው ሰው ከሐኪም ያርቀዋል፤ አክብሮ የሚመክረው ግን እርሱን፥ የትዳር ጓደኛውንና ገና ያልተወለደውን ልጅ ያድናል።