ጊዜውን ሳይጠብቅ በበጋ ስለሚነሣ ዐውሎ ነፋስ፤ ሳተላይትም እንዴት እንደሚያየው
(ለጋምቤላ ክልል መምህራንና ፊደል ለሚያውቁ ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት)

፩ኛ፤ ስለ ወራት አከፋፈል

ሊቃውንተ ኢትዮጵያ ዓመቱን በአራት ክፍለ ዘመን ከፍለው ያስተምራሉ። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው፤ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው ሐጋይ፣ ይኸውም በጋ፤ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጸደይ፤ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ክረምት ይባላል። የአየር ጠባይ ዐዋቂዎች ግን የዝናቡን አመጣጥ ተከትለው በሦስት ይከፍሉታል፤ እነዚህም በጋ፣ በልግና ክረምት ናቸው። አከፋፈሉ ቢለያይም ጥር የድርቀት ወር መሆኑን ሁለቱም ይመሰክራሉ።

መምህሩ ተማሪዎቹ እንዳይሳሳቱ አስቀድሞ ሊያስረዳው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በአውሮፓና በአሜሪካ ክረምት የሚባለው ብርድ የሚጸናበት ወራት ነው፤ ይህም ወራት በኢትዮጵያ በጋ ነው። እንግዲህ የውጭ አገር ሰዎች «በክረምት የተነሣ ዐውሎ» ሲሉ በታኅሣሥና በጥር የሆነውን መናገራቸው ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የሆነ አይደለም።

፪ኛ፤ የጋምቤላ ሰው በበጋ ስለሚኖርበት ሁኔታ

የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቆላ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ትገኛለች። በአገሩ የሰው ኑሮ ሁሉ በውሃው መሙላትና መጉደል የተመሠረተ ነው። በቀድሞ ዘመን ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች እንኳ ባሮ በሚሞላበት በክረምት ብቻ ነበር የሚደርሱት። ውሃው ሲጐድል አኙዋው በወንዙ ዳር በቀረው እርጥብ አፈር ላይ በቆሎውን ይዘራል፤ ኑዌሩም ከብቱን እየነዳ ወደ ወንዝ ዳር ወርዶ ይሰፍራል። በዚህ ወራት ዝናብ አይጠበቅምና ማደሪያው ቀላል የሣር መጠለያ ነው፤ ሣሩም በየሜዳው ደርቆ ለእሳት የተዘጋጀ ነው።

ስለዚህ በክረምት የሚነሣ ማዕበል ሰውን ተዘጋጅቶ ያገኘዋል፤ በበጋ የሚነሣው ግን ሳይታሰብ ይደርስበታል። ጕዳቱን የሚያከብደው የነፋሱ ኀይል ብቻ ሳይሆን የሰው አለመጠንቀቅ ነው።

፫ኛ፤ ስለ ሁለት ዓይነት አዙሪት ነፋስ

ሕዝቡ የሚሽከረከረውን ነፋስ ሁሉ ዐውሎ ይለዋል። ዳሩ ግን ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ሰማይ ጠርቶ ሳለ፣ በቀትር፣ ምድር በፀሐይ ስትግል ከመሬት ተነሥቶ አቧራና ደረቅ ቅጠል እያዞረ ወደ ላይ የሚወጣው ነው። እርሱ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይበተናል። ሁለተኛው ከታላቅ የነጐድጓድ ደመና ሆድ እንደ ዝሆን ኩምቢ ተንጠልጥሎ እስከ ምድር የሚደርሰው ነው፤ ይህንንም የውጭ አገር ሰዎች ቶርናዶ ይሉታል። ዛፍ ይነቅላል፣ የቤት ክዳን ይገፍፋል፣ ሰውም ይገድላል። የመጀመሪያው እናቱ የጋለች ምድር ናት፤ የሁለተኛው እናቱ ደመና ናት።

፬ኛ፤ በአሜሪካ የሆነ ምሳሌ

ታኅሣሥ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ሌሊት በአሜሪካ፣ ኬንታኪ በሚባለው ግዛት፣ ብርድ በሚጠበቅበት ወራት ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃትና እርጥብ አየር ገባ። ከዚህም የተነሣ አንድ ቶርናዶ 3 ሰዓት ለሚያህል ጊዜ ምድርን ሳይለቅ 266 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ፤ ሜይፊልድ የተባለችውን ከተማ አፈረሰ፤ 57 ሰዎችንም ገደለ። ጎዝ 16 የተባለው ሳተላይት የደመናውን ማደግና መጓዝ ከላይ ይመለከት ነበር፤ በምድር ያሉ የራዳር መሣሪያዎችም በደመናው ውስጥ ያለውን መሽከርከር ያሳዩ ነበር። ማስጠንቀቂያውም ነፋሱ ሜይፊልድ ከመድረሱ አስቀድሞ ተነገረ። ያም ሆኖ ሌሊት ስለ ነበረና ነፋሱ እጅግ ስለ በረታ ብዙ ሰው አለቀ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው፤ አንደኛው ማዕበል የወር መቍጠሪያ የማይገታው መሆኑ፣ ሁለተኛውም ማስጠንቀቂያ የሚጠቅመው ሰሚው መጠጊያውን አስቀድሞ ካወቀ መሆኑ ነው።

፭ኛ፤ በበጋ ዝናብና ማዕበል ስለሚመጣበት ምክንያት

በበጋ ዝናብ አምጪው የነፋሳት መገናኛ ፀሐይን ተከትሎ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ይወርዳል፤ በጋምቤላም ላይ ከሰሜን የሚመጣ ደረቅ ነፋስ ይሠለጥናል። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ በከፍተኛው ሰማይ የሚነፍሰው የምዕራብ ነፋስ ከሰሜን ወደ ደቡብ ጐብጦ ይወርድና እርጥብ አየር ከባሕር ወይም ከኮንጎ ደኖች በኩል ይስባል። ከታች የጋለ እርጥብ አየር፣ ከላይ የቀዘቀዘ አየር ሲገናኙ የነጐድጓድ ደመና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይቆማል። የባሕር መሞቅም ወራትን ያዛባል። በ2012 ዓ.ም. መባቻ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከልማዱ ይልቅ ሞቆ ስለ ነበረ በምሥራቅ አፍሪካ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እጅግ የበዛ ዝናብ ዘነበ።

፮ኛ፤ ሳተላይት ደመናን ስለሚያይበት መንገድ

ሳተላይት ማለት በሮኬት ኀይል ወደ ጠፈር ተልኮ በምድር ዙሪያ የሚዞር ሰው ሠራሽ መሣሪያ ነው። ለአየር ጠባይ መመልከቻነት በመጀመሪያ የተሳካው ቲሮስ 1 መጋቢት 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ከአሜሪካ ተላከ። የአውሮፓ ሰዎችም አፍሪካን ጭምር የሚመለከተውን የመጀመሪያውን ሜቴዎሳት ኅዳር 14 ቀን 1970 ዓ.ም. ላኩ። የዚህ ዓይነቱ ሳተላይት በምድር ወገብ ላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ምድር በምትዞርበት መጠን ስለሚዞር፣ ሁልጊዜ በአንድ ስፍራ የቆመ ይመስላል። ታኅሣሥ 4 ቀን 2015 ዓ.ም. የተላከውና ኋላ ሜቴዎሳት 12 የተባለው ሳተላይት በየ10 ደቂቃው የምድርን ሥዕል ያነሣል፤ የመብረቅንም ብልጭታ ቀንና ሌሊት ይመለከታል።

በቀን የደመናው ንጣት በፀሐይ ብርሃን ይታያል። በሌሊት ግን ሳተላይቱ በዓይን የማይታየውን የሙቀት ጨረር ይለካል። ወደ ሰማይ ከፍ ባሉ መጠን አየሩ ይቀዘቅዛልና፣ የደመናው ራስ እጅግ ቀዝቃዛ ሆኖ ከተገኘ ደመናው እጅግ ረዥም መሆኑ ይታወቃል። የታላቅ ነጐድጓድ ደመና ራስ 15 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ራሱም እንደ አንጥረኛ መስፍ ይሰፋል፤ በመካከሉ ግን የሚወጣው አየር ኀይለኛ ሲሆን እንደሚገነፍል ወተት ጕብ ብሎ ይታያል። ዐዋቂዎች ይህን ምልክት ሲያዩ ከደመናው በታች ኀይለኛ ነፋስ ወይም በረዶ ሊኖር እንደሚችል ይገምታሉ።

፯ኛ፤ ሳተላይት ስለማያየው ነገር

ነገር ግን ሳተላይት ሁሉን ያያል ብሎ ማስተማር ስሕተት ነው። በሥዕሉ ላይ ያለችው አንዲት ነጥብ በምድር ላይ 1 ወይም 2 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ትይዛለች፤ የቶርናዶው እግር ግን ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜትር አይበልጥም፤ እርሱም ከደመናው በታች የተሸፈነ ነው። ደግሞም ይህ ሳተላይት ከጋምቤላ በስተ ምዕራብ ርቆ ስለሚቆም ወደ ጋምቤላ የሚመለከተው በአግድም ነው። ስለዚህ ከፍ ያለው የደመና ራስ በሥዕሉ ላይ ከእውነተኛው ስፍራው ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ሸሽቶ ይታያል። በኢታንግ ላይ ያለው ደመና ወደ ጋምቤላ ከተማ የቀረበ ይመስላል ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ራሷ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ያስላከችው ሳተላይት እርሻን፣ ውሃንና መሬትን ለማጥናት የታሰበ እንጂ ማዕበልን በየደቂቃው ለመጠበቅ የተሠራ አልነበረም። ምድርን በቅርብ የሚመለከቱ እንዲህ ያሉ ሳተላይቶች ነፋሱ ካለፈ በኋላ የወደቀውን ደን ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ሲመጣ ግን አያስጠነቅቁም።

እንግዲህ ሳተላይት እናቲቱን ደመና ያያል፣ እግሩን ነፋስ አያይም። በመንደር ያለ ሰው ደግሞ እግሩን ያያል፣ የደመናውን ራስ አያይም። ሁለቱ ምስክርነት ሲገናኝ ብቻ እውነቱ ይገኛል። ከመንደር ማስታወሻ ካልመጣ በሰማይ የታየው ደመና በምድር ያደረገው ሳይታወቅ ይቀራል፤ የሚቀጥለውም ማስጠንቀቂያ ከዚህ ሳይማር ይቀራል።

፰ኛ፤ መምህሩና ሽማግሎች ሊያደርጉት ስለሚገባ

ማዕበሉ ካለፈ በኋላ መምህሩ ከሽማግሎች ጋራ ሆኖ እነዚህን ይመርምርና በመዝገብ ይጻፍ። ቀኑንና ሰዓቱን፤ ደመናው የመጣበትን አቅጣጫ፤ በረዶ መውረዱን ወይም አለመውረዱን፤ የወደቁትን ዛፎች አወዳደቅ። ዛፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ወይም ከአንድ ስፍራ እንደ ፀሐይ ጨረር ወደ ውጭ ተዘርግተው ቢወድቁ፣ ከደመናው ወደ ታች የወረደ ነፋስ ነው። በጠባብ መንገድ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ወይም ወደ መካከል ዞረው ቢወድቁ ግን የአዙሪት ምልክት ነው። ይህን ማንም ሳተላይት ከደመና በላይ ሆኖ ሊለየው አይችልም። ማስታወሻውንም በጋምቤላ ላለው የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ያድርስ።

ከመድረሱ አስቀድሞ ደግሞ ለሕዝቡ እንዲህ ይነገር። በበጋ ነጐድጓድ ሲሰማና ደመና ሲጠቍር፣ ወራቱ አይደለም ብሎ መናቅ አይገባም። በታንኳ ያለ ወደ ዳር ይውጣ፤ ከብት ጠባቂው ከብቸኛ ዛፍ ሥር ይራቅ፤ ነፋሱ ወደ ሣሩ እንዳይወስደው የምድጃው እሳት ይጥፋ። ተማሪዎች ጠንካራ ግድግዳ ባለው ቤት ከመስኮት ርቀው ይቀመጡ። በሜዳ ያለና መጠጊያ ያጣ፣ አዙሪቱ ከደረሰበት፣ ጐርፍ በማይወርድበት ጐድጓዳ ስፍራ ተኝቶ ራሱን በእጁ ይሸፍን።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1፤ የውጭ አገር ሰዎች ክረምት የሚሉት ወራት በኢትዮጵያ ምን ይባላል?
2፤ ከጋለች ምድር የሚነሣውና ከደመና የሚወርደው አዙሪት በምን ይለያያሉ?
3፤ ሳተላይት በሌሊት የደመናን ቁመት በምን ያውቃል?
4፤ በኢታንግ ላይ ያለ ደመና በሥዕሉ ላይ ወደ ምሥራቅ ሸሽቶ የሚታየው ስለ ምን ነው?
5፤ በመንደራችሁ ያሉ ሽማግሎች በበጋ የተነሣ ማዕበል ያስታውሱ እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ወሩንና የዛፎቹን አወዳደቅ በደብተራችሁ ጻፉ።