የኬፊር ፍሬ፦ የሚጠቅመው፣ የማይጠቅመው እና ቤት ውስጥ ስትሠሩት የማይዘለል ነገር

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ኬፊር ናቸው። «ዶክተር፣ ጎረቤቴ የኬፊር ፍሬ ሰጠችኝ፤ ምን ላድርገው?»፣ «ስኳር በሽታ ያድናል የሚባለው እውነት ነው ወይ?»፣ «ልጄ ተቅማጥ ይዞታል፣ ልስጠው?»፣ «ፊቴን ብቀባው ብጉር ያጠፋል?» ለእያንዳንዳችሁ በተናጠል ከምመልስ ዛሬ አንድ ላይ እንማማር ብያለሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ በተለይ ስለ ጥሬ ወተት የተጻፈውን።

1. የኬፊር ፍሬ ምንድን ነው?

ኬፊር ወተት ውስጥ «የኬፊር ፍሬ» ተጨምሮ የሚዘጋጅ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ከእርጎ ቀጠን የሚል፣ አንዳንዴም ምላስ ላይ እንደ ለስላሳ መጠጥ ቆንጠጥ የሚያደርግ መጠጥ ነው። አገሩ በጥቁር ባሕርና በካስፒያን ባሕር መካከል ያለው የካውካሰስ ተራራማ አካባቢ ነው። እዚያ ያሉ ከብት አርቢዎች ወተቱን በቆዳ ስልቻ ያብላሉት ነበር። ኋላ ወደ ሩሲያ ከተሞችና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ተዛመተ። ዛሬ አሜሪካና እስራኤል ያላችሁ ወገኖቼ ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ታገኙታላችሁ።

«ፍሬ» ይባል እንጂ እህል ወይም የተክል ዘር አይደለም። ነጭ ወይም ወደ ቢጫ ያደላ፣ ሲነኩት ለስለስ ብሎ እንደ ላስቲክ የሚል፣ የአበባ ጎመን ቁራጭ የሚመስል ነገር ነው። ውስጡ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች፣ አሴቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችና የእርሾ ፈንገሶች ተጎራብተው ይኖራሉ። የሚኖሩበት ቤት ደግሞ ከፕሮቲንና «ኬፊራን» ከሚባል የስኳር ሰንሰለት የተሠራ ነው። ወተት በየጊዜው ካገኘ ያድጋል፣ ይበዛል። ልክ እንደ እንጀራ እርሾ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረውም ለዚህ ነው።

2. ከእኛ እርጎ በምን ይለያል?

ባህላዊው እርጎአችን የሚረጋው ወተቱ ውስጥና ዕቃው ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች ነው። እናቶቻችን ቅሉን ወይም ማሰሮውን በወይራ የሚያጥኑት ለጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ ጭሱ የማይፈለጉ ተህዋስያንን ይቀንሳል። ኬፊር ላይ ደግሞ ከባክቴሪያው በተጨማሪ የእርሾ ፈንገሶች አሉ። ስለዚህ ትንሽ ጋዝና ትንሽ አልኮል ይፈጠራል። የአልኮሉ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ብዙ ሰዓት ከቆየ ግን ይጨምራል። በሃይማኖትም ሆነ በሌላ ምክንያት አልኮል ፈጽሞ የማትነኩ ሰዎች ይህን አውቃችሁ ወስኑ።

ታዲያ እርጎ ከኬፊር ያንሳል ማለት ነው? አይደለም። የኬፊር ፍሬ ስላላገኛችሁ የቀረባችሁ ተአምር የለም። ከተፈላ ወተት በንጽህና የተሠራ እርጎም ጥሩ ምግብ ነው።

3. በእርግጥ የሚጠቅመው ለምንድን ነው?

👉 ምግብነቱ፦ አንድ ብርጭቆ ኬፊር 8 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 300 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ይሰጣል። ይህ ከተሠራበት ወተት ጋር ተቀራራቢ ነው።

👉 ወተት ለማይስማማቸው፦ ብዙ አዋቂ ሰው ወተት ሲጠጣ ሆዱ ይነፋል፣ ይጮሃል፣ ያስቀምጠዋል። ምክንያቱ ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ማነሱ ነው። ኬፊር ውስጥ ያሉት ተህዋስያን ከላክቶሱ የተወሰነውን ቀድመው ይበሉታል፤ ኢንዛይሙንም ይዘው ይገባሉ። በ2003 አሜሪካ ውስጥ 15 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ኬፊር ሲጠጡ ላክቶሱ በተሻለ እንደተፈጨላቸውና የሆድ ጋዙም እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ግን በእርጎ ከምናውቀው ጋር ይስማማል።

👉 ለጨጓራ ባክቴሪያ፦ ቱርክ ውስጥ ኤች ፓይሎሪ ያለባቸው 82 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከመድኃኒቱ ጋር ኬፊር የጠጡት ከሌሎቹ በተሻለ ባክቴሪያው ጠፍቶላቸዋል። ልብ በሉ፦ «ከመድኃኒቱ ጋር» ነው ያልኩት። ኬፊር ብቻውን ኤች ፓይሎሪን ያጠፋል ብላችሁ የታዘዘላችሁን ኪኒን እንዳታቋርጡ።

4. ያልተረጋገጠው ምኑ ነው?

👉 «አንቲባዮቲክ ሲወሰድ የሚመጣን ተቅማጥ ይከላከላል»፦ ምክንያታዊ ይመስላል። ግን ከ1 እስከ 5 ዓመት የሆኑ 125 ሕፃናት ላይ ተሞክሮ፣ ሕያው ኬፊር በጠጡትና ተህዋስያኑ በሙቀት የተገደሉበትን በጠጡት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

👉 «ስኳር ያድናል፣ ኮሌስትሮል ያወርዳል፣ ካንሰር ይከላከላል»፦ ስለ ስኳርና ኮሌስትሮል ጥቂት ትናንሽ ጥናቶች አሉ፤ ውጤታቸው እርስ በርሱ አይስማማም። ስለ ካንሰር የሚወራው በአብዛኛው ከቤተ ሙከራና ከአይጥ ጥናት የመጣ ነው። አይጥ ላይ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ አይሠራም። ስኳር ያለባችሁ ኬፊር መጠጣት ትችላላችሁ፤ ግን ስኳርም ማርም ሳትጨምሩ፣ ወተትነቱን ከዕለቱ ምግባችሁ ቆጥራችሁ። ሜትፎርሚናችሁም ሆነ ኢንሱሊናችሁ በኬፊር አይተካም።

👉 «ዕድሜ ያስረዝማል፣ እንዲያውም ኖቤል ተሸልሞበታል»፦ ይህን የሚሉት ስለ ኤሊ ሜችኒኮፍ ነው። ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረ ታላቅ ሳይንቲስት ነው፤ የረጋ ወተት ጤናማ እርጅና ይሰጣል ብሎም ጽፏል። በ1908 የተሸለመው ግን ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ባደረገው ምርምር ነው፤ በወተት አይደለም። እሱ ራሱ ያረፈው በ71 ዓመቱ ነው።

5. የማይዘለለው ነገር፦ ወተቱን አፍሉ!

«ኬፊር ሕያው ስለሆነ ወተቱም ጥሬ መሆን አለበት፤ ከፈላማ ጥቅሙ ይጠፋል» የሚል ምክር በየቦታው ይዞራል። ስሕተት ነው፣ አደገኛም ነው።

ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስን እና የከብት ቲቢን ወደ ሰው ያስተላልፋል። ሁለቱም አገራችን ውስጥ ያሉ በሽታዎች ናቸው። ላሟ የታመመች ሳትመስል ወተቷ ተህዋሱን ሊይዝ ይችላል። «ሲኮመጥጥ ይሞታል» ብላችሁ እንዳትተማመኑ፤ የብሩሴላ ባክቴሪያ በኮመጠጠ ወተት ውስጥ ለቀናት ሊቆይ ይችላል።

አንድ ታካሚ ላንሳላችሁ። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ እናት ናቸው። መገጣጠሚያቸውን ያማቸው ስለነበር «ኬፊር ይፍታታልሽ» ተብለው ከሚያውቁት ከብት አርቢ ጥሬ ወተት እያስመጡ በየማለዳው ይጠጡ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ትኩሳት፣ ሌሊት ላብ፣ የወገብ ሕመምና ድካም መጣ። እሳቸው ግን «መርዙን እያስወጣልኝ ነው» ብለው መጠኑን ጨመሩ። ወደ እኛ የመጡት ከአልጋ መነሳት ሲያቅታቸው ነው። የደም ምርመራው ብሩሴሎሲስ መሆኑን አሳየ። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ለ6 ሳምንት ወሰዱ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ድነዋል። ጥፋቱ የኬፊሩ ፍሬ አልነበረም፣ የወተቱ ነው። አንድ ጊዜ ቢያፈሉት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ጥቅሙስ ይጠፋል ወይ? አይጠፋም። ጠቃሚዎቹ ተህዋስያን ያሉት ፍሬው ላይ ነው፤ ፍሬው ደግሞ የሚገባው ወተቱ ከፈላና ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በፋብሪካ በሙቀት የታከመ የፓኬት ወተትም ይሆናል።

6. አሠራሩ

ሀ) እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የመስታወት ማሰሮውን፣ ወንፊቱንና ማንኪያውን በፈላ ውኃ አለቅልቁ። ዕቃው አሉሚኒየም አይሁን፤ አሲዱ ይበላዋል። የማይዝግ ብረት ወንፊት ግን ችግር የለበትም።

ለ) ወተቱን በደንብ አፍልታችሁ ሙቀቱ ጨርሶ እስኪወጣለት አቀዝቅዙ። ትኩስ ወተት ፍሬውን ይገድለዋል።

ሐ) ለ1 ወይም 2 ብርጭቆ ወተት 1 የሾርባ ማንኪያ ፍሬ ጨምሩ።

መ) በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡ። ክዳኑን አጥብቃችሁ አትዝጉ፤ ጋዙ ማሰሮውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ሠ) 24 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቅ ቦታ ወይም ዱባይና ጅዳ ላላችሁ ከዚያ በፊት ይደርሳል፤ አዲስ አበባ በክረምት ግን ከ24 ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ወተቱ ሲወፍርና ሲኮመጥጥ ደርሷል ማለት ነው።

ረ) አጥልሉት። ፈሳሹን ፍሪጅ አስገብታችሁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠጡት። ፍሬውን አዲስ ወተት ውስጥ መልሱት።

ውኃው ከላይ ወይም ከታች ቢለይ አትደንግጡ፤ ብዙ ስለቆየ ነው፣ በጥልልታ ይስተካከላል። ሮዝ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ቀለም፣ እንደ ጥጥ ያለ ሻጋታ ወይም የበሰበሰ ሽታ ካያችሁ ግን ፍሬውንም ጭምር ጣሉት። «ያሳዝናል፣ ላጥበውና ልጠቀምበት» አይባልም።

ስትጀምሩ በ2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ጀምሩ። ሆዳችሁ ከተስማማው በሳምንት ውስጥ ወደ 1 ብርጭቆ ከፍ አድርጉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ የሆድ መነፋት ሊኖር ይችላል።

7. በጾም ወቅት ፍሬውን ምን እናድርገው?

ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ነው። ለአንድ ወይም ሁለት ሳምንት ከሆነ ወተት ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪጅ ማስቀመጥ ይበቃል። ለ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ግን ፍሬውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አለቅልቃችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቃችሁ፣ ትንሽ የወተት ዱቄት ነስንሳችሁ በንጹሕ ዕቃ ፍሪዘር አስገቡት። ከፋሲካ በኋላ ስታወጡት ለመነቃቃት ጥቂት ዙር ወተት ይፈልጋል፤ በደንብ መኮምጠጥ እስኪጀምር የመጀመሪያዎቹን ዙሮች አትጠጡ። በስኳር ውኃ የሚያድግ የጾም ኬፊርም አለ፤ እሱ ግን ሌላ ዓይነት ፍሬ ነው፤ የወተቱ ፍሬ በስኳር ውኃ ውስጥ እየደከመ ይሄዳል።

8. የቤት ውስጥ ሕክምና ተብሎ የሚነገረው

👉 ፊት ላይ መቀባት፦ ጤነኛ ቆዳ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ቢቀባ ብዙ ጉዳት የለውም፤ ብጉር ማጥፋቱ ግን አልተረጋገጠም። ካቃጠላችሁ ወዲያው ታጠቡት።

👉 ቁስልና ቃጠሎ ላይ፦ በፍጹም! ክፍት ቆዳ ላይ ሕያው ባክቴሪያና ፈንገስ መጨመር ነው። ቃጠሎ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ይፈስበት፣ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም።

👉 ዓይን፣ ጆሮ ወይም ብልት ውስጥ፦ አይደረግም። የብልት ማሳከክና ፈሳሽ ካለ ምክንያቱ ተለይቶ ይታከማል።

👉 ለሕፃን ተቅማጥ፦ መጀመሪያ ኦአርኤስና ዚንክ፣ የጡት ወተትም ሳይቋረጥ። ልጁን የሚጎዳው የፈሳሽ ማጣት ነው፤ ኬፊር ያንን አይተካም። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ሰገራው ውስጥ ደም ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

9. እነማን ይጠንቀቁ?

• ከ1 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፦ ቤት የተሠራ ኬፊር አትስጧቸው።
• የወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለባቸው፦ ይህ ከላክቶስ አለመስማማት የተለየ ነው፤ ኬፊርም አይሆናቸውም።
• የካንሰር ሕክምና (ኬሞ) ላይ ያሉ፣ የአካል ክፍል የተተካላቸው፣ ኤችአይቪ ኖሮባቸው የመከላከል አቅማቸው በጣም የወረደ፦ ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይጀምሩ።
• ነፍሰ ጡር እናቶች፦ ጥሬ ወተት በምንም መልኩ አይሁን፤ ብሩሴሎሲስ ለውርጃ ሊዳርግ ይችላል።
• መድኃኒት የምትወስዱ፦ የወተት ካልሲየም ሲፕሮፍሎክሳሲንን፣ ቴትራሳይክሊንን፣ የአይረን ኪኒንንና የታይሮይድ መድኃኒትን ሰውነት በደንብ እንዳይቀበላቸው ያደርጋል። በስንት ሰዓት ማራራቅ እንዳለባችሁ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ሜትሮኒዳዞል የምትወስዱ ደግሞ በአልኮሉ ምክንያት እስክትጨርሱ ብትተዉት ይሻላል።

በአጭሩ ኬፊር ጥሩ ምግብ ነው፤ መድኃኒት ግን አይደለም። ወተቱን አፍሉ፣ ዕቃውን አንጹ፣ በትንሹ ጀምሩ፣ የታዘዘላችሁን መድኃኒት አታቋርጡ። ፍሬውን ለጎረቤት ስታካፍሉም «ወተቱን አፍዪው» የምትለዋን ምክር አብራችሁ ስጡ።

ጥያቄ ካላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፤ እየተራዳችሁም ለሌሎች አጋሩት። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የወገብ ሕመም ኖሮባችሁ ጥሬ ወተት የምትጠጡ ከሆነ ግን የእኔን መልስ አትጠብቁ፤ ነገውኑ ሄዳችሁ ተመርመሩ፣ ጥሬ ወተት መጠጣታችሁንም ለሐኪሙ ንገሩት።

ጤናችሁ ይብዛ!