በአንድ ምዕራፍ ሦስት አገልጋዮች

ለወጣቶች ጉባኤ የተዘጋጀ ትምህርት፤ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሳምንቱን በሥራና በድካም መካከል ጠብቆ ለዚህች ሰዓት ያደረሰን አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። የዕረፍት ቀን አግኝታችሁ ጉባኤው ላይ የምትገኙም፣ መውጫ አጥታችሁ ሌሊት ሥራ ሲያልቅ በስልካችሁ የምታነቡም፣ ትምህርቱ የሁላችሁም ነው። ከማንበባችሁ በፊት ግን መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ገልጣችሁ ምዕራፉን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው እንድታነቡት አደራ እላለሁ። የእኔ ቃል ማስታወሻ ነው፤ ምግቡ ያለው እዚያ ነው።

ይህን ምዕራፍ ብዙዎቻችን የንዕማን ታሪክ ብለን እናውቀዋለን። ዛሬ ዓይናችንን ከታላላቆቹ አንሥተን ከኋላቸው ወደቆሙት እንመልስ። በዚህ ምዕራፍ ሁለት ነገሥታት፣ አንድ የጦር አለቃና አንድ ነቢይ አሉ። በእነርሱ ሥር ደግሞ ሦስት ዓይነት አገልጋዮች እናገኛለን። የሦስቱም ማዕረግ አንድ ነው፣ ሁሉም በሰው ቤት የሚታዘዙ ናቸው። ልባቸው ግን አንድ አይደለም።

ታሪኩ በአጭሩ

ንዕማን የሶርያ ንጉሥ የሠራዊት አለቃ ነው። ክብርም ኃይልም ነበረው፤ ሰውነቱ ግን በለምጽ ተይዟል። በቤቱ ውስጥ ከእስራኤል ምድር ተማርካ የመጣች አንዲት ብላቴና ሚስቱን ታገለግል ነበር። ይህች ልጅ፣ ጌታዬ ሰማርያ ወዳለው ነቢይ ቢሄድ ይድን ነበር ብላ ለእመቤቷ ነገረች። ንዕማንም 10 መክሊት ብር፣ 6,000 ሰቅል ወርቅና 10 መለወጫ ልብስ አስጭኖ ተነሣ። ነቢዩ ኤልሳዕ ግን ወጥቶ እንኳ አልተቀበለውም። በመልእክተኛ፣ ሂድና በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ አለው። ንዕማን ተቆጥቶ ሊመለስ ሲል አገልጋዮቹ ለመኑት፤ ወርዶ ተጠመቀ፣ ነጻም። ኤልሳዕ ስጦታውን አልቀበልም አለ። የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ግን ተከትሎ ሮጠ፣ ዋሽቶም ተቀበለ። ለምጹም ወደ እርሱ ተመለሰ።

የመጀመሪያዋ አገልጋይ፦ ስሟ ያልተጻፈው ብላቴና

መጽሐፍ ስሟን አልነገረንም። የት መንደር እንደተወለደች፣ ወላጆቿ በወረራው ይትረፉ ይሙቱ አልተጻፈም። የምናውቀው ልጅ እንደነበረች፣ ከቤቷ በግድ እንደተወሰደች፣ በባዕድ ቋንቋ እየታዘዘች እንደኖረች ነው። ከእናንተ መካከል በ17 እና በ18 ዓመት እዚህ የመጣችሁ ይህን ለመረዳት ትርጓሜ አያሻችሁም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጌታችን በናዝሬት ምኵራብ ሲያስተምር፣ በኤልሳዕ ዘመን በእስራኤል ብዙ ለምጻሞች እንደነበሩ፣ ከሶርያዊው ከንዕማን በቀር ግን ከእነርሱ አንድ ስንኳ እንዳልነጻ ተናግሯል (ሉቃ. 4፥27)። እንግዲያ ይህች ልጅ ነቢዩ ለምጽ ሲያነጻ አይታ አልነበረም! ያላየችውን ነው ያመነችው። ታዲያ ከየት አመጣችው? ከቤቷ ነው። ሳትማረክ በፊት፣ ገና በእናት በአባቷ እጅ ሳለች፣ የእስራኤል አምላክ ሕያው እንደሆነ፣ በነቢያቱም እንደሚሠራ ሰምታለች። ወራሪዎቹ ከአገሯ፣ ከዘመዷ፣ ከነጻነቷ ለይተዋታል። በልጅነቷ የተነገራትን ግን ከልቧ ሊያወጡት አልቻሉም።

ለዚህ ነው ለልጆች የቅዱሳት መጻሕፍትን ታሪክ መንገር ትርፍ ሥራ ያልሆነው። አገር ቤት ልጅ ትታችሁ የመጣችሁ እናቶች፣ ታናናሽ እኅትና ወንድም ያላችሁ ወጣቶች፣ ስትደውሉ ገንዘቡ ደረሰ ወይ ብቻ ብላችሁ አትዝጉ። አምስት ደቂቃ ጨምሩና የዳዊትን፣ የዮሴፍን፣ የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ ንገሯቸው። ሕፃኑ ነገ ወዴት እንደሚወሰድ አናውቅም። በልቡ የተቀመጠው ግን አብሮት ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። ይህን ምዕራፍ ባነሣን ቁጥር ከእኅቶች አንዷ ትጠይቀኛለች። “አባታችን፣ የምትሰድበኝ፣ ደመወዜን የምትይዝብኝ ማዳም ብትታመም፣ እኔም እንደዚህች ልጅ መድኃኒቱን ልምራት?” ጥያቄው የሚናቅ አይደለምና በሁለት ከፍለን እንመልሰው።

አንደኛ፣ መጽሐፍ የብላቴናዋን ደግነት አመሰገነ እንጂ ምርኮዋን አላመሰገነም። ልጅ ከእናቷ ነጥቆ መውሰድ ግፍ ነው፤ እርሷ መልካም ስለሆነች ግፉ መልካም አይሆንም። ስለዚህ ማንም ይህን ታሪክ ጠቅሶ፣ የሚደበድቡሽን ዝም በያቸው፣ ደመወዝሽን ቢከለክሉሽ አትጠይቂ ቢልሽ፣ መጽሐፉን አላነበበውም። ቅዱስ ጳውሎስ ሊገርፉት ሲያስሩት ሮማዊነቱን ጠቅሶ ሕጉን ጠይቋል (ሐዋ. 22፥25)፤ ነገሩም ሲከፋ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25፥11)። እጅ የሚነሣባት፣ ክብሯ የሚነካባት እኅት ለንስሐ አባቷ፣ ለምታምናቸው ሰዎች፣ ለቆንስላው ትናገር። መናገር ትዕግሥት ማጣት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ብላቴናዋ ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም ነበር። የማረካት አገር የጦር አለቃ ሲበሰብስ እያየች፣ ፍርዱን አገኘ ብላ በልቧ ደስ ሊላት ይችል ነበር። እርሷ ግን የእነርሱ ክፋት ልቧን እንዲሠራላት አልፈቀደችም። በግድ የወሰዱት ጉልበቷን ነው፤ ርኅራኄዋን ግን በፈቃዷ ሰጠች። በዚያ ቤት ውስጥ በፈቃድዋ የሰጠችው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይህ ነው፦ መብትሽን ጠይቂ፣ ከጉዳት ሽሺ፤ ልብሽን ግን ለጥላቻ አትስጪ። ሁለቱ አይጣሉም።

ሁለተኞቹ አገልጋዮች፦ ንዕማንን ከመንገድ የመለሱት

ንዕማን ለምን ተቆጣ? ነቢዩ ወጥቶ በፊቱ ቆሞ፣ የአምላኩን ስም ጠርቶ፣ እጁን በቁስሉ ላይ ያነሣል ብሎ ጠብቆ ነበር። ደግሞም የደማስቆ ወንዞች አባናና ፋርፋ ከእስራኤል ውኃ ሁሉ አይሻሉምን አለ። ሰው ሲታመም እንኳ አገሩንና ማዕረጉን ተሸክሞ ነው የሚመጣው።

ያን ጊዜ አገልጋዮቹ ቀረቡ። አባት ሆይ ብለው በአክብሮት ጀመሩ። ነቢዩ ከባድ ነገር ቢያዝህ ታደርገው አልነበረምን? ታጠብና ንጻ ቢልህማ እንዴት ይልቅ! በሚል ሐሳብ መከሩት። የተቆጣ አለቃን መምከር ለአገልጋይ አደገኛ ነው። እነርሱ ግን አልሸነገሉትም፣ አላዋረዱትምም። እውነቱን በትሕትና ነገሩት፤ እርሱም ሰማ።

አባቶቻችን ይህን ሲተረጉሙ ለምጹን በኃጢአት፣ ዮርዳኖስን በጥምቀት ይመስሉታል። ንዕማን ሥጋው እንደ ትንሽ ልጅ ሥጋ ሆኖ እንደተመለሰ፣ እኛም ከውኃና ከመንፈስ ተወልደን ልጆች ሆነናል። የጥምቀት በዓል ላይ ስለ ዮርዳኖስ ስትሰሙ ይህንም አስቡ።

ለወጣቶች የማስተላልፈው ግን ሌላም አለ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ከባዱን ነገር ለማድረግ ዝግጁ ናችሁ። ጉዳዬ ይሳካልኝ እንጂ ይህን ያህል እሰጣለሁ፣ ገዳም ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ ብላችሁ ትሳላላችሁ። መልካም ነው። ነገር ግን የጠዋት ጸሎት፣ ለተጣላችሁት ሰው ሰላም ማለት፣ ለዓመታት የዘገየ ንስሐ ቀላል ስለሆነ ተንቆ ይቀራል። ዮርዳኖስ ቅርብ ነበር፤ መውረድ ብቻ ነበር የቀረው። ጓደኛችሁም ከንስሐ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ተቆጥቶ ሲርቅ ብታዩ፣ እንደነዚያ አገልጋዮች ቀርባችሁ በለዘበ ቃል መልሱት። በግሩፕ ላይ አታሙት።

ሁለት ጭነት

ንዕማን ከነጻ በኋላ ወደ ነቢዩ ተመልሶ ስጦታ አቀረበ፤ ኤልሳዕም በእግዚአብሔር ምሎ እምቢ አለ። ንዕማን ዳግመኛ በቤቱ ሆኖ የእግዚአብሔር ጸጋ በብር የሚገዛ እንዳይመስለው ነው። ንዕማን የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የሁለት በቅሎ ጭነት አፈር። በባዕድ ምድር ለእውነተኛው አምላክ የሚሠዋበት ማለት ነው። ከአገር ስትወጡ እናቶቻችሁ በሻንጣችሁ ጥግ እምነትና ጠበል የሸጎጡላችሁ፣ ይህን ልመና ታውቁታላችሁ።

ደግሞም ንዕማን አንድ ጭንቀቱን ተናገረ። ጌታው ንጉሡ ወደ ሬሞን ቤት ሲገባ በእጁ ይደገፋልና፣ አብሬው ሳጎነብስ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ አለ። ኤልሳዕ አልረገመውም፤ በሰላም ሂድ አለው። በሰው ቤት ሆናችሁ ጾሙን በሥርዓቱ መጾም፣ በዓሉን ማክበር፣ ቅዳሴ ማስቀደስ ያልቻላችሁ፣ ከእንግዲህ ክርስቲያን አይደለሁም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ጭንቀታችሁን እንደ ንዕማን ወደ ንስሐ አባታችሁ አምጡት። እርሱ የሚቻለውን ያሳያችኋል።

ሦስተኛው አገልጋይ፦ ግያዝ

ግያዝ ከሦስቱ ሁሉ ለቅድስና የቀረበ ነበር። የነቢዩ ሎሌ ነው። የሱነማዊቱ ልጅ ሲሞት የኤልሳዕን በትር ይዞ የሮጠው እርሱ ነው (2ኛ ነገሥት 4)። ብላቴናዋ ያላየችውን ተአምር እርሱ በዓይኑ ያይ ነበር። ነገር ግን ንዕማን ብሩን ይዞ ሲመለስ አየና ልቡ ተከተለው። ሮጦም፣ ከኤፍሬም ተራራማ አገር ሁለት የነቢያት ልጆች መጥተውብናልና ለእነርሱ አንድ መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ስጥ ብሎሃል ጌታዬ አለ። ንዕማን በደስታ ሁለት መክሊት ሰጠው። አንዱ መክሊት ከ30 ኪሎ በላይ ነውና ሁለት ሎሌዎች ተሸክመውለት ሄዱ። ግያዝም በቤት ሸሸገው። ነቢዩ ከወዴት መጣህ ሲለው፣ የትም አልሄድሁም አለ።

በማን ስም እንደዋሸ አያችሁ? በነቢዩ ስምና በችግረኞች ስም ነው። ይህ በዘመናችንም አለ። በታመመ ሰው ፎቶ፣ በገዳም ስም፣ በስልክ ገንዘብ የሚሰበስቡ አሉ፤ እውነተኞቹም በእነርሱ ምክንያት ይጠረጠራሉ። ልጆቼ፣ መስጠትን አትተዉ፤ ግን ጠይቁ፣ አጣሩ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። እናንተም የማኅበር ገንዘብ በእጃችሁ ቢገባ በጽሑፍ ያዙት።

አሁን የኤልሳዕን ተግሣጽ ተመልከቱ። ግያዝ የተቀበለው ብርና ልብስ ብቻ ነው። ነቢዩ ግን የወይራ ቦታ፣ የወይን ቦታ፣ በጎች፣ በሬዎች፣ ወንዶችና ሴቶች ባሪያዎች ለመቀበል ይህ ጊዜ ነውን ብሎ ጠየቀው። እነዚህን ማን ሰጠው? ማንም አልሰጠውም። ነቢዩ የነገረው በመንገድ ሲሮጥ በልቡ ሲገዛው የነበረውን ነው። የዝርዝሩ መጨረሻ ምን እንደሆነ ዳግመኛ አንብቡት። ሎሌው ግያዝ ያለመው እርሱም በተራው ሎሌና ገረድ ሊኖረው ነው።

ይህ ቃል ለእኛ ነው። በሰው ቤት የደረሰብሽን አስቢ፤ የተረፈ ምግብ የተሰጠሽን፣ ስምሽን ሳይጠሩ ያዘዙሽን። አሁን በአገር ቤት አንቺ በምትልኪው ገንዘብ እናትሽ ቤት የምታገለግል፣ ከገጠር የመጣች ልጅ አለች ወይ? ደመወዟ በጊዜው ይሰጣታል? ትምህርት ቤት ትሄዳለች? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች? ነገ ስትመለሺ በስሟ ትጠሪያታለሽ? መከራ ያያችሁ ሁሉ ርኅሩኅ ትሆናላችሁ ማለት አይደለም። መከራ አንዱን እንደ ብላቴናዋ ያለሰልሳል፣ ሌላውን ተራዬን እስካገኝ እያሰኘ እንደ ግያዝ ያደርጋል። ይህ ደግሞ አገር ቤት ስትገቡ የሚጀመር አይደለም፤ ዛሬ አዲስ የመጣችውን ልጅ፣ ቋንቋ የማታውቀውን፣ እንዴት እንደምትቀበሏት ይታያል።

በምዕራፉ መጨረሻ ንዕማን አፈሩን ጭኖ ንጹሕ ሆኖ ወደ አገሩ ሄደ፤ ግያዝ ብሩን ሸሽጎ ለምጻም ሆኖ ወጣ። ብላቴናዋስ? ስለ እርሷ ሌላ ቃል አልተጻፈም። ጌታዋ ዳግመኛ በደጅ ሲገባ፣ ያመነችው እውነት ሆኖ በሥጋው ላይ አይታዋለች ብለን እናስባለን። ያቺን ቀን ያየላት አምላክ የእናንተንም የተሰወረ ሥራ ያያል።

ለውይይት

1. ብላቴናዋ እምነቷን በባዕድ ቤት እንዴት ጠበቀች? እናንተን በዚህ የጠበቃችሁ በልጅነት የሰማችሁት ነገር ምንድን ነው?

2. ለበደለን ሰው መልካም በመመኘትና በደሉን ዝም ብሎ በመሸከም መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

3. ቀላል ስለሆነ የናቃችሁትና ያዘገያችሁት መንፈሳዊ ሥራ የትኛው ነው?

4. በዚህ ሳምንት ወደ ቤት ስትደውሉ፣ በቤታችሁ የምታገለግለውን ልጅ በስሟ አስጠርታችሁ አነጋግሯት። ምን እንዳለቻችሁ በሚቀጥለው ጉባኤ እንሰማለን።

ለሚቀጥለው የሩትን መጽሐፍ አንብባችሁ ኑ፤ አራት ምዕራፍ ብቻ ነው።

የብላቴናዋን እምነት፣ የአገልጋዮቹን ጥበብ ያድለን፤ ከግያዝ ምኞት ይጠብቀን። የተሰደዳችሁትን በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።