ለአንድ ዲስክ አደራ አይሰጥም

ልጄ፣ እጅህ ፈጣን ነው፤ ዓይንህም ጥሩውን ቀረጻ ከመጥፎው ይለያል። ሥራህን አስቀምጥ ሲሉህ ግን ትሰንፋለህ። የጥር ሠርግ ሲደራረብ ካርዱ ይሞላል፣ ዲስኩ ይጠብባል፣ አንተም "ነገ ኮፒ አደርገዋለሁ" ትላለህ። ሙሽሮቹ እጅህ ላይ የጣሉት አደራ ነው። አያታቸው ቆመው ሲመርቁ የተቀረጸው ድምፅ አንተ ዘንድ ከጠፋ የትም አይገኝም። እንግዲህ የምልህን ያዝ።

1. ሁለት ቦታ ሳትገለብጥ ካርድ ፎርማት አታድርግ። ከሠርግ ስትመለስ ቢደክምህም፣ ካርዱን ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ገልብጠህ ተኛ። ፎልደሩን እንዳለ ውሰደው እንጂ ቪዲዮዎቹን እየመረጥክ አታውጣ፤ አንዳንድ ካሜራ ረጅሙን ቀረጻ ቆራርጦ ያስቀምጥና የመገጣጠሚያውን መረጃ በሌላ ትንሽ ፋይል ይይዘዋል። ኮፒው መቶ በመቶ ስላለህም ደህና ነው ብለህ አትለፍ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ውስጥ ያለው ክሎን ቱል፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ቴራኮፒ፣ የተገለበጠውን ከዋናው ጋር ያመሳክሩልሃል። ትንሽ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ታገሣቸው።

2. ፕሮጀክት ፋይሏ ቪዲዮ እንዳልያዘች እወቅ። የፕሪሚየር ፋይል የምትይዘው የቆረጥክበትን ቦታና ቀረጻው የተቀመጠበትን አድራሻ ነው። እሷን ብቻ በፍላሽ ይዘህ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብትከፍት "ሚዲያ ኦፍላይን" የሚል ቀይ ስክሪን ይጠብቅሃል፤ ያኔ "ጋሼ፣ ሥራዬ ጠፋ" ብለህ ትደውልልኛለህ። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ዋና ፎልደር ክፈት፤ ቀረጻው፣ ድምፁ፣ ሙዚቃው፣ ፎቶውና ፕሮጀክቱ እዚያው ይግቡ። ከዴስክቶፕና ከዳውንሎድ እየጎተትክ ታይምላይን ላይ አትጣል። ሥራው ሲያልቅ በፕሪሚየር ፕሮጀክት ማኔጀር ሁሉንም አንድ ቦታ ሰብስበው። ሪዞልቭ ላይ ከሆንክ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቅ፦ ፕሮጀክቱን የሚያስቀምጠው በራሱ ዳታቤዝ ውስጥ ስለሆነ የቀረጻውን ፎልደር ብትገለብጥ አብሮ አይመጣም። ለብቻው ኤክስፖርት አድርገው፤ ከነቀረጻው ከፈለግከው ፕሮጀክት አርካይቭ የሚለውን ተጠቀም።

3. ፎንቱን አብረህ አስቀምጥ። በቆየው የቪዥዋል ግዕዝ ወይም የፓወር ግዕዝ ፎንት አሳምረህ የጻፍከው የሙሽሮቹ ስም፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል። እነዚያ ፎንቶች የእኛን ፊደል ያስቀመጡት በላቲኑ ፊደል ቦታ ስለነበር ነው። ፎንቱን፣ ቀለም የሠራህበትን ሉትና የፕለጊኖቹን ስም ዝርዝር ከፕሮጀክቱ ጎን አኑር፤ አዲስ ሥራ ደግሞ በዩኒኮድ ፎንት ጀምር።

4. ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከስቱዲዮ ውጭ። ይህን ደንብ ያስፋፋው ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ነው፤ የእኛ ሰዎች ግን "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል" ብለው ቀድመውታል። ስቱዲዮ የገባ ሌባ ኮምፒውተሩን ወስዶ አጠገቡ ያለውን ኤክስተርናል አይተውልህም፤ እሳትም አይመርጥም። ስለዚህ አንዱን ዲስክ እናትህ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጥ። ሁሉንም ክላውድ ላይ እጭናለሁ ካልክ መጀመሪያ አስላ፦ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል፤ ይህን በ10 ሜጋቢት ኢንተርኔት ለመጫን፣ መስመሩ ሳይቆራረጥ፣ 10 ሰዓት ያስፈልግሃል። ወደ ክላውድ ፕሮጀክት ፋይሉንና ያለቀውን ቪዲዮ ላክ፤ ጥሬው ቀረጻ በዲስክ ይቀመጥ።

5. ባክአፕ ያደረግክበትን ዲስክ ሰክተህ አትተወው። ገልብጠህ ስትጨርስ ኢጀክት ብለህ ንቀለው። በክራክ ሶፍትዌር ተደብቆ የሚገባ ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የተሰካውን ዲስክ ሁሉ ይዘጋብሃል። "ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት ቅጂ እንዲይዙ በሬይድ አገናኝቻለሁ" ብለህም አትዘናጋ፤ ሬይድ አንዱ ዲስክ ሲሞት ያድንሃል እንጂ በስህተት ያጠፋኸውን ከሁለቱም ላይ እኩል ያጠፋዋል።

6. መብራት ሳይሄድ አስብ። አውቶሴቩን በየ5 ደቂቃው አድርገው፤ ማስቀመጫውም ፕሮጀክቱ ካለበት ሌላ ዲስክ ላይ ይሁን። ዩፒኤስ ግዛ፤ ሴቭ አድርገህ ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ ከሰጠህ ይበቃል።

7. ስም ስትሰጥ በአንድ አቆጣጠር ተወሰን። "ፋይናል"፣ "አዲስ ፋይናል"፣ "የመጨረሻው ፋይናል" የሚባል ስም ከዓመት በኋላ ለራስህም አይገባህም። ካሜራው በፈረንጅ አቆጣጠር ይመዘግባል፣ አንተ በእኛ ትጽፋለህ፤ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. የተሠረገው ሠርግ በካሜራው 2025-01-25 ነው። ከካሜራው ጋር ብትስማማ ይሻልሃል፤ ዓመቱን ካስቀደምክ ፎልደሮቹ ራሳቸው በተርታ ይሰለፋሉ።

8. በርካሽ ዕቃ አትታለል። በርካሽ የሚሸጥ "2 ቴራባይት" ፍላሽ ብዙ ጊዜ ውስጡ ጥቂት ጊጋባይት ነው። ሐሰተኛ መጠን እያሳየ ይቀበልሃል፤ ከሞላ በኋላ የምትጥልበት ፋይል ስሙ ይታያል እንጂ አይከፈትም። አዲስ ፍላሽ ወይም ካርድ ስትገዛ ባዶውን በኤች2ቴስትደብልዩ ፈትሸው። ለረጅም ጊዜ መደርደሪያ ላይ ለሚቀመጥ ሥራም ኤስኤስዲን አትመን፤ ኃይል ሳያገኝ ብዙ ከቆየ የያዘውን ሊያጣ ይችላል። ሃርድ ዲስክ ይሻላል፤ እሱንም እንዳትጥለው።

9. ከፍተህ ያላየኸውን ቅጂ "አለኝ" አትበል። ከሁሉም ይህን አጥብቀህ ያዝ። በፈረንጆቹ 1998 ፒክሳር የተባለው የአኒሜሽን ፊልም ድርጅት "ቶይ ስቶሪ 2"ን ሲሠራ በስህተት በተሰጠ የማጥፊያ ትእዛዝ አብዛኛው ፊልም ከኮምፒውተሮቹ ጠፋ። ባክአፑ ሲታይ በደንብ ሲሠራ አልነበረም፤ ያን ያወቁት ደግሞ በቸገራቸው ቀን ነው። ፊልሙን ያዳነችው ጋሊን ሰስማን የተባለች ባልደረባቸው ናት፤ አራስ ስለነበረች ቤቷ ሆና ለመሥራት የፊልሙን ቅጂ ወስዳ ነበር። ስንት ባለሙያ ያለው ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ አንተ ብቻህን ያለኸው ምን ልትሆን ነው? በየሦስት ወሩ አንዱን ዲስክ አንሣና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ ፕሮጀክቱን ክፈት። መጀመሪያውን፣ መሐሉን፣ መጨረሻውን አጫውት። ካንገራገረ ሌላው ቅጂ ደህና ሳለ እንደገና ገልብጥ።

10. የማቆያውን ጊዜ ተዋውለህ ጻፍ። "ቀረጻውን ለአንድ ዓመት አቆያለሁ" ካልክ ውሉ ላይ ይግባ፤ ጊዜው ሲደርስ ደውልላቸው፣ ዲስክ ይዘው ይምጡና ይውሰዱ። መልስ ሳትሰማ አታጥፋ። ቦታ ካነሰህ ካሹንና ፕሪቪው ፋይሉን አጥፋ፤ እነሱ ተመልሰው ይሠራሉ።

የጠፋ ፋይል የሚያወጡ ባለሙያዎች አሉ፤ ግን ዋጋቸው ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይሳካላቸውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብህ። ይህን አንብበህ "እሺ ጋሼ" ብለህ ብቻ እንዳትተኛ። አሁኑኑ ተነሣና ባለፈው ሳምንት የጨረስከውን ሠርግ ሁለተኛ ቅጂ ፈልገህ ክፈተው። ከተከፈተ ተባረክ። ካልተከፈተ፣ ወይም ሁለተኛ ቅጂ ጭራሽ ከሌለ፣ ከተራ ቁጥር 1 ጀምር።