ማቶትን በስንት ሦስት ማዕዘን?

ጥያቄ፦ የእንስራ ማቶትን ገጽ በሦስት ማዕዘን ቁርጥራጮች ብቻ ለመሸፈን ቢያንስ ስንት ያስፈልጋል? (ከአዲስ ቅዳም)

መልስ፦ 14። ኳስ 4 ይበቃዋል፤ ማቶት ግን መሐሉ ክፍት ስለሆነ ያስቸግራል። ደንቡ፣ ሁለት ቁራጮች ከተነካኩ በአንድ ጫፍ ወይም በአንድ ሙሉ ጠርዝ ብቻ ይሁን ነው። ነጥቦችን (ጫፎችን)፣ ጠርዞችንና ሦስት ማዕዘኖችን በሚያዛምደው በኦይለር ቀመር፣ በማቶት ላይ ጠርዞቹ የነጥቦቹ 3 እጥፍ፣ ሦስት ማዕዘኖቹ 2 እጥፍ ይሆናሉ። እንግዲህ 6 ነጥቦች 18 ጠርዝ ይፈልጋሉ፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢገናኝ እንኳ የሚገኘው 15 ነው። በ7 ነጥቦች ግን 21 ጠርዝ ተፈልጎ 21 ይገኛል፤ ልክክ! ሦስት ማዕዘኖቹም የ7 እጥፍ፣ 14 ይሆናሉ። ሃንጋሪያዊው አኮሽ ቻሳር በ1949 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በጠፍጣፋ ፊቶች አሳይቶታል፤ ካርቶን ቆርጠው ይሞክሩት፣ ጣት ያደክማል እንጂ ይሆናል። ባለ ሁለት ቀዳዳው ማቶት ግን አመለኛ ነው፤ ስሌቱ 9 ነጥብ ይበቃል ቢልም ያለ 10 እሺ አይልም።