የእማሆይ ጽጌ ማርያም ፒያኖና የጉባኤ ቤት ተማሪ

በማኅሌታችን የሚያገለግሉት መሣሪያዎች መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ ናቸው፤ በገናም በጾም ወራት በየቤቱ ይደረደራል። ፒያኖ ከእነዚህ ጋር አይቈጠርም። ስለዚህ ፒያኖ የምትጫወት መነኵሲት ነበረች ሲባል ካህናቱ ነገሩ እንዴት ነው ብለው ቢጠይቁ አያስወቅሳቸውም። እኛ ግን መሣሪያውን ከመመርመራችን አስቀድመን የባለቤቲቱን ኑሮ እንመልከት።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በታኅሣሥ ወር 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነው፤ አባታቸውም የጎንደር ከንቲባ የነበሩት ገብሩ ደስታ ናቸው። በ6 ዓመታቸው ወደ ስዊስ ሀገር ተልከው በአዳሪ ትምህርት ቤት ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ኢጣልያ ሀገራችንን በወረረች ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ጋር በግዞት ወደ አዚናራ ደሴት ተወሰዱ፤ ከቤተ ሰቡም ሦስቱ በጠላት እጅ ተገደሉ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ወርደው አሌክሳንደር ኮንትሮቪች ከሚባለው ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ተማሩ። ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን የሚቀጥሉበት ዕድልም ተገኝቶ ነበር፤ ነገር ግን ፈቃድ ሳያገኝ ቀረ። በዚህ ሐዘን እህል አልቀምስ ብለው ለሞት ተቃረቡ፤ ቅዱስ ቍርባን ለምነው ተቀበሉ፤ ከዚያም ወደ ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ። በ21 ዓመታቸውም መነኰሱ።

ምንኵስናቸውን ያመጣው የለንደን መንገድ መዘጋቱ ነው የሚሉ አሉ። የልብ ስብራት ሰውን እስከ ገዳም በር ያደርሰዋል እንበል፤ በዚያ ተራራ ላይ 10 ዓመት ጫማ ሳይጫሙ መኖር ግን ከሐዘን የሚገኝ ኀይል አይመስለንም።

ወደ ፒያኖው የተመለሱበት ምክንያት ለእኛ ለጉባኤ ቤት ልጆች ቅርብ ነው። በ1950ዎቹ በጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ የዜማ ተማሪዎች ማደሪያ አጥተው በደጅ ሲያድሩ፣ ቁራሽ እየለመኑም ሲማሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ያላቸው የእጃቸው ሙያ ብቻ ነበረ። ስለዚህ የደረሱትን ዜማ በሸክላ አስቀርጸው ዋጋውን ለችግረኞች ሊያውሉ ቈረጡ፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1967 በጀርመን ሀገር ሸክላቸው ታተመ። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ይሰፋ እንደ ነበረ፣ አባቶች መነኰሳትም ሰሌን እየታቱ ሸጠው ድኻ ይረዱ እንደ ነበረ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ሥራ አይደለም። ከድርሰቶቻቸው አንዱ ቤት የሌለው ተንከራታች የሚል ስም አለው። ይህን ስም ሰምቶ የቆሎ ተማሪን የማያስታውስ ካህን ያለ አይመስለንም።

እማሆይ በ1984፣ በዚያው በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በገዳማችን ኖሩ። ስማቸው በዓለም የገነነው በእርጅናቸው ነው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

እርሳቸው በጎንደር ያዩት ተማሪ በከተማዪቱ ብቻ የሚኖር አይደለም። አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር በአታ፣ ድጓ የፈለገ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ጋይንት የሚያልፈውም የፎገራን ሜዳ ይረግጣል፤ ወረታ ላይ ነውና ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለው። እኛም ደበሎ ለብሰን፣ አኵፋዳ አንግተን በዚያ ሜዳ ዞረናል፤ የፎገራ ሰው እጀ ሰፊ ነው፣ ውሻው ግን ክፉ ነው።

ፎገራ ቀድሞ በከብቱ ይታወቅ ነበር፤ ዛሬ በሩዙም ስሙ ይጠራል። ነገር ግን በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ባለቤቱ ራሱ እህሉን ከውኃ ለማዳን ይሯሯጣል፤ በዚያ ጊዜ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በደጅ የቆመውን ልጅ የሚያየው የለም። ልጁ ባዶ አኵፋዳ ይዞ ሲመለስ የሚጐዳው ሆዱ ብቻ አይደለም። ድጓ የብዙ ዓመት ትምህርት ነው፤ ተማሪው መጽሐፉን በእጁ ይጽፈዋል፣ ምልክቱን ከመምህሩ አፍ እየሰማ ያኖራል። በረኃብ ምክንያት በመካከል ትቶ የሄደ እንደ ሆነ መምህሩ የደከመበት ዜማ ተቀባይ አጥቶ ይቀራል።

ስለዚህ በፎገራና በአካባቢው ያላችሁ ካህናትና ምእመናን፣ ሩዙ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲታጨድ ከየዐውድማው አንድ አንድ ቍና ለጉባኤ ቤት ተለይቶ በደብሩ ዕቃ ቤት ቢቀመጥ፣ መምህሩ በሐምሌና በነሐሴ ትንንሾቹን ተማሪዎች ወደ ጎርፉ አይሰድም። ቍናውን የሚሰፍር፣ ቍልፉንም የሚይዝ ሰው ከአጥቢያው ሽማግሎች መካከል ይመረጥ።