ማሳሰቢያ ለሐዴራ ወላጆች፦ ልጁ ሰንፎ ሳይሆን ደክሞት ነው

ከጎንደር ተነስቶ ሱዳን ድረስ በእግሩ የተጓዘ አባት፣ ልጁ ከቅርጫት ኳስ ልምምድ መጥቶ ሶፋው ላይ ሲዘረር «ምን ሠራህና ነው?» ቢለው አይፈረድበትም። 28 ሜትር በሆነ ወለል ላይ መመላለስ ከዚያ መንገድ ጋር ምን ያገናኘዋል? ድካሙ ግን ዓይነቱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአውስትራሊያ ሊግ ተጫዋቾች ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ አንድ ሺህ ያህል ጊዜ እንቅስቃሴውን ይለውጣል፤ በየሁለት ሴኮንዱ ማለት ነው። ዝላዩ 46 ገደማ ነበር። የልብ ምቱም ጨዋታው እየተካሄደ ሳለ በአማካይ የጣሪያውን 89 በመቶ ይደርስ ነበር። ከሩጫው ይልቅ የሚከብደው ደግሞ ድንገት መቆሙ ነው፤ በፍጥነት የመጣውን ሰውነት የሚገቱት ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ናቸው።

ስለዚህ ከጊቫት ኦልጋም ሆነ ከቤት ኤሊኤዘር ልጅ ወደ ሜዳ የምትልኩ፦

• የእረፍት ቀን አታስቀሩበት። ኤንቢኤ እና የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት መመሪያ ከ12 እስከ 14 ዓመት ላሉት በሳምንት ሁለት ጨዋታና ቢያንስ አንድ ሙሉ የእረፍት ቀን ይመክራል። ልጁ ትምህርት ቤት፣ ክለብ፣ ማትናስ (የማኅበረሰብ ማዕከል) እያለ የሚደራርብ ከሆነ ቆጣሪዎቹ እናንተ ናችሁ፤ እያንዳንዱ አሠልጣኝ የሚያውቀው የራሱን ሰዓት ብቻ ነው።

• ስግድን ጾሞ ለዋለ ልጅ የማታው ልምምድ ይቅርበት። አሠልጣኙን ቀድማችሁ ንገሩት፤ በዓሉ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል በሕግ የታወቀ ነውና አትፈሩ።

• ወለምታን በዕለቱ አታሹ፣ አታስጎትቱ። ወጌሻን ማክበር ሌላ፣ ያበጠ ቁርጭምጭሚት ሌላ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙለት፤ እግሩንም ከፍ አድርጉት። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ ያስፈልገዋል።

• ከጉልበቱ ሎሚ በታች ለሳምንታት የሚያመውን ልጅ «እያደገ ነው» ብላችሁ አትለፉት። በዕድገት ላይ ያለ አጥንት በዝላይ ብዛት ይቆጣል፤ ዝላዩ ይቀነስለት።

• ልጆቹ በሐምሌና በነሐሴ ቀትር ከቤት ውጭ አይጫወቱ። የባሕሩ እርጥበት ላብ እንዳይተን ስለሚያደርግ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ውኃ እስኪጠማቸው አይጠበቅ።

• የሐኪም ምርመራን እንደ ወረቀት ጣጣ አትዩት፤ የ1988ቱ የእስራኤል የስፖርት ሕግ የሕክምና ምርመራን የሚጠይቀው በምክንያት ነው። በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ፣ «ምች መታው» ተብሎ የታለፈ ቢሆንም እንኳ፣ ለሐኪሙ ንገሩት። እናት ካልተናገረች ልጁ ከየት ያውቀዋል?

• ሲሮጥ ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን የሚስት ልጅ ሐኪም ሳያየው አይመለስ። ማንም ሳይነካው ሜዳ ላይ ከወደቀና ካልነቃ ውኃ መርጨቱን ትታችሁ 101 ደውሉ፤ ሌላው ሰው ደረቱን መጫን ይጀምር፣ ሦስተኛው የልብ ማስነሻ መሣሪያውን ያምጣ። መሣሪያው አዳራሹ ውስጥ የት እንደተሰቀለ ዛሬውኑ ጠይቁ።